ገብስማው ላባውን የጣለበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ እህቴ አስካለ ሞተች። እሷን ያድናል ተብሎ በአልጋዋ ግርጌ የታሰረው ዶሮ ግን አልሞተም። አባቴ ዶሮው በሽታዋን ወስዶ የታመመ መስሎት ነበር። ዶሮው አልታመመም፤ ላባውን እየቀየረ ነበር። ይህን በቤቱ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ተናግሬም ነበር።

ያኔ የምንኖረው ጅማ፣ አወቱ መንደራ፣ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለነበር ክረምት ሲገባ እርስ በርስ ለመሰማማት እንጮህ ነበር። አባቴ መንገሻ ከሸዋ የመጣ ሰው ነው። በጅማው መርካቶ፣ በአንድ የቡና ነጋዴ መጋዘን ሚዛን ላይ ይቆማል፤ ከአጋሮና ከሊሙ የሚመጣው ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና ሁሉ በእጁ ያልፋል፤ ባለ መጋዘኑ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይኖር ተሸካሚውም፣ ለቃሚዎቹም፣ ዘበኛውም የሚፈሩት እሱን ነበር። እናታችን የሞተችው እኔ በወጉ መናገር ሳልጀምር ነው። ፊቷን አላስታውሰውም። ቤቱን የያዘችው፣ እኔንም ያሳደገችኝ አስካለ ናት፤ እሷም ራሷ ገና ልጅ ነበረች።

አባቴ አይስቅም ነበር። ክፉ ሰው ነበር ለማለት አይደለም። ከሥራ ሲመጣ እግሩን ይታጠባል፣ ይበላል፣ ግድግዳውን እያየ ይቀመጣል። እኛም ዝም እንላለን። ስለዚህ እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ቤት አልሄድም፤ መጋዘኑ እስኪዘጋ ድረስ ከዘበኛው ከአባ ፊጣ ጋር እቀመጣለሁ።

አባ ፊጣ የጅማ ተወላጅ፣ ፂማቸውን ሂና የሚቀቡ ሽማግሌ ነበሩ። ከመጋዘኑ በር አጠገብ የቡና ገለባ ቆልለው እሳት ይለኩሱበታል። የቡና ገለባ እሳት አይንቦገቦግም፤ ከውስጥ ቀስ እያለ ይቀላል፤ ጭሱም መራራ ነው፣ ልብስ ላይ ገብቶ አይወጣም። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ፋኖሱን አብርተው በሩ ላይ ካለው ምስማር ይሰቅሉታል፤ ያኔ ከፋኖሱ ብርሃንና ከፍሙ ቅላት መካከል ፊታቸው ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ቀይ ሆኖ ሲታየኝ ተረቱን የሚያወሩት ሁለት ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። «ዱሪ ዱሪ» ብለው ይጀምራሉ፤ ድሮ ድሮ ማለታቸው ነው። አማርኛውን በኦሮምኛ እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። እኔም ሁለቱንም እሰማለሁ፤ ጅማ ያደገ ልጅ የትኛው የት እንደሚያበቃ አይጠይቅም።

አንድ ያረጀ ቀይ አውራ ዶሮ ነበራቸው። ጆንያ ላይ ያድራል፤ ለሱብሂ ሶላት የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው። በኛ ቤትም፣ እንደኛ ከሌላ አገር በመጡት ጎረቤቶቻችን ቤትም እንዲህ ዓይነት ነገር አልነበረም። እኛ አውራ ዶሮ የምንገዛው ለበዓል ነው፤ ዋዜማውን እግሩ ታስሮ ይገባል፣ በማግሥቱ የለም። በኛ ሰፈር አውራ ዶሮ ሲያረጅ ያየ ሰው አልነበረም። ይህን ያነሳሁት በኋላ ለሆነው ነገር ሁሉ ምክንያቱ ይህ አለማወቅ ስለሆነ ነው።

አስካለ ከመታመሟ በፊት በነበረው ክረምት መጨረሻ ላይ፣ አንድ አመሻሽ ስደርስ ቀዩ ዶሮ አንገቱ ተላጭቶ፣ ደረቱ ላይ ሮዝ ቆዳው ወጥቶ፣ አመድ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሳቅሁ። አባ ፊጣ በያዙት በትር ጣቶቼን መቱኝ።

«ልብሱ እስኪሰፋ የሚጠብቅ ሰው ይሳቅበታል? አንተስ ሱሪህ አንዲት አይደለችም? እህትህ ስታጥብልህ ምን ለብሰህ ነው የምትቀመጠው፣ ጉርባ?»

ጉርባ ነበር የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጅ ማለት ነው። ጣቴን እየጠባሁ ተቀመጥኩ፤ እሳቸውም ተረቱን አወሩልኝ።

ዱሪ ዱሪ፣ አሉ፣ ዶሮ ራቁቱን ነበር። ወፎች ሁሉ ልብስ ሲታደሉ እሱ ተኝቶ አርፍዶ ቀረበት። አንድ ሌሊት በአገሩ ላይ ጠላት መጣ፤ ሰው ሁሉ ተኝቷል፣ ዘበኛውም ተኝቷል፤ ራቁቱን የነበረው ዶሮ ብቻ ብርዱ አላስተኛው ብሎ ነቅቶ ነበርና ጮኸ። አገሩ ተነሣ፣ ጠላትም ተመለሰ። ሲነጋ የአገሩ ሞቲ፣ ንጉሡን ነው ሞቲ የሚሉት፣ ከገዛ ትከሻቸው ላይ ካባቸውን አውልቀው ለዶሮው አለበሱት፤ አዋጅ ነጋሪ አድርገውም ሾሙት። ግን የንጉሥ ካባ የውሰት ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይመለሳል። አዲሱ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ዶሮው አመድ ላይ ይቀመጣል፤ ካባ የሌለው አዋጅ ነጋሪ ምን ብሎ አፉን ይከፍታል? ስለዚህ አይጮህም። ካባውን የምትሰፋው ሴት ደግሞ ልኩን እንዳትስት እዚያው ገላው ላይ ነው የምትሰፋው፤ ሲደክማት መርፌዎቿን ቆዳው ላይ ሰክታ ትተዋቸው ትሄዳለች።

ይህን ብለው ዶሮውን አነሱት፤ ክንፉን ገልጠው የተመታውን ጣቴን ያዙና ከክንፉ ሥር አስገቡት። ወጋኝ። እሾህ የመሰሉ፣ በስስ ቅርፊት የተጠቀለሉ አዳዲስ ላባዎች ከቆዳው ውስጥ እየወጡ ነበር።

«መርፌው ይኸውልህ» አሉ። ከዚያ ተረቱን ትተው በሌላ ድምፅ ነገሩኝ። የታመመ ዶሮ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ይኸኛው ዓይኑን እይ፣ እሳት ነው። የታመመ ዶሮ ላባው ይቆማል እንጂ አይወድቅም። ፈንግል የያዘው አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ኩሱ አረንጓዴ ይሆናል፣ እህል አይቀምስም። ይኸኛው ከጭንቅላቱ ጀመረ፣ ወደ አንገቱ ወረደ፣ ከዚያ ደረቱ፣ ከዚያ ክንፉ፣ ጅራቱን መጨረሻ ይጥላል።

«በሽታ እንዲህ ተራ ጠብቆ አያውቅም» አሉ።

ያን ጊዜ ይህን ሁሉ በጣቴ ነው የያዝኩት።

አስካለ መሳል የጀመረችው በተከታዩ ዓመት፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራውን አውርዳ ግድግዳ ትደገፍ ጀመር። ከዚያ መሀረቧ ላይ ደም አየሁ፤ ቡጢዋን አሳየችኝና «ለአባባ ብትናገር!» አለችኝ። ተናገርኩ። አባቴ ሆስፒታል ወሰዳት። የሳንባ ነቀርሳ ነው አሉ። በየቀኑ መርፌ መወጋት እንዳለባት ታዘዘ፤ መርፌ የሚወጋት ድሬሰር በአባቴ ፊት፣ እኔም ባለሁበት፣ «ደህና ሆንኩ ብላ እንዳታቋርጥ። ያን ጊዜ ነው የሚብሰው» አለ። በግልጽ አማርኛ ነው የተናገረው። ሦስታችንም ሰምተናል።

ጠዋት ጠዋት እኔ ነበርኩ የምወስዳት። በመንገድ ላይ እያረፈች ትቀልዳለች። «ሰውዬው በወስፌ ነው የሚወጋኝ። ጆንያ መሰልኩት እንዴ?» ትላለች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ነው የምትስቀው፤ ሳቁ ሳል እንዳይሆንባት።

አባቴ በሆስፒታሉ ብቻ አልረካም። ሰው መክሮት ከጊንጆ ሰፈር አንዲት አዋቂ አመጣ። እሜቴ ዘነቡ ይባላሉ፤ ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው ሲያለቅስ አብረው የሚያለቅሱ ሴት ነበሩ። አታላይ ነበሩ ብዬ አላምንም፤ የሚሉትን ያምኑት ነበር። ገብስማ አውራ ዶሮ ይምጣ አሉ፤ ግራጫና ነጭ የተዥጎረጎረ፣ የሚጮህ፣ አንድ ላባ ያልጎደለው። እስከዚያ ድረስ ሌላውም አዋቂ እንደሚያዝዘው ነው። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዶሮው በአስካለ ራስ ላይ ከዞረ በኋላ አይታረድም፤ በአልጋዋ ግርጌ ይታሰራል።

«በሽታዋን እየሳበ ይወስድላታል» አሉ እሜቴ ዘነቡ። «ድምፁን ያጣ ቀን ከሷ ወጥቶ እሱ ውስጥ ገባ ማለት ነው። እሱ የሞተ ቀን እሷ ትነሳለች። ራሱ ይሙት እንጂ የሰው እጅ እንዳይነካው። የሰው እጅ ከገደለው ተመልሶ እሷው ላይ ነው የሚወድቀው።»

አባቴ በገበያ ቀን መርካቶን ሲያስስ ውሎ የተባለውን ገብስማ ከአንድ የሰቃ ገበሬ ላይ አገኘ። ትልቅ ነበር። እግሩ ላይ ያለው ጥፍር ረዝሞ ተጠማዟል። ለበዓል ከምንገዛቸው ሁሉ የሚበልጥ፣ ያረጀ ዶሮ እንደነበር ማንም ልብ አላለም። አስካለ ቤቱን እያየ ጎርደድ ጎርደድ ሲል አየችውና «ግራዝማች እንደምን አደሩ?» አለችው። ከዚያ ወዲያ ስሙ ግራዝማች ሆነ። በገመድ ታስሮም ቢሆን ሹመቱን አልረሳም፤ ንጋት ላይ ከአልጋዋ ሥር እየጮኸ ቤቱን ያናውጠው ነበር።

የክረምቱ ዝናብ መቀነስ ሲጀምር አስካለ ተሻላት። ትኩሳቱ ወረደ፤ መብላት ጀመረች፤ ራሷን ችላ እስከ በር ትሄዳለች። ያሻላት መርፌው ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ዶሮው መጮህ ተወ። ቀጥሎ ጭንቅላቱ ላይ፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ላባው ይረግፍ ጀመር። አንድ ጠዋት አባቴ ሊያያት ጎንበስ ሲል ወለሉ በላባ ተሸፍኖ አገኘው። እፍኝ ሙሉ አነሳና ወደ ብርሃኑ ወጣ። ሳቀ። ጥርሱ ምን እንደሚመስል ያን ጠዋት አየሁ። ጎረቤት ተጠራ፤ ሰው ሁሉ ዶሮውን እያየ እልል አለ። እሜቴ ዘነቡ መጥተው አስካለን ግንባሯን ሳሙና፣ «እንግዲህ መርፌ የለም። በሽታው ተገዶ ሳይሆን ወዶ ነው የሚወጣው፤ መርፌው ይመልሰዋል» አሉ። አባቴ እሺ አለ። ድሬሰሩ ያለውን አላነሳም።

እኔ ግን ከአልጋው ሥር ገብቼ ዶሮውን አይቼዋለሁ። ዓይኑ እሳት ነበር። ኩሱ ጤነኛ ነበር። ላባው ተራውን ጠብቆ ነበር የሚወርደው፤ ጅራቱ ገና አልተነካም። ክንፉን ገልጬ ጣቴን አስገባሁ፤ ወጋኝ።

ማታ አባቴ እግሩን ሲታጠብ «ዶሮው አልታመመም» አልኩት። «ልብሱን እየቀየረ ነው።» እጁ እርጥብ ነበር፤ በእርጥብ እጁ መታኝ። ወለሉ ላይ ሆኜ ደግሜ ተናገርኩ። ሁለተኛው ጥፊ ከመጀመሪያው የበለጠ ነበር።

ማስረጃ ካሳየሁ ያምኑኛል ብዬ አሰብኩ። እሜቴ ዘነቡ በመጡበት ቀን ዶሮውን ይዤ ከክንፉ ሥር አንዱን አዲስ ላባ፣ ያን እሾህ የመሰለውን፣ ነቀልኩና በፊታቸው ዘረጋሁት። «አዩ፣ አዲስ ላባ ነው። እያበቀለ ነው» አልኩ። እንደዚያ ዓይነት ለጋ ላባ ግን በውስጡ ደም አለው፤ አላወቅሁም ነበር። ሲነቀል ደሙ ዘንጉ ላይ ፈሰሰ፣ መዳፌ ላይም ተንጠባጠበ። ጠቆር ያለ ደም ነበር። እሜቴ ዘነቡ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተነሡ።

«የሷ ደም ነው» አሉ በሹክሹክታ። «በሳል ይወጣ የነበረው ደም። ሁሉም እዚህ ገብቷል!»

አባቴ አለቀሰ። በደስታ ነው። እኔ ደሙ መዳፌ ላይ እስኪደርቅ ቆሜ ቀረሁ።

ያን ማታ አባቴ ያን ወሬ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ። ከአባ ፊጣ ነው አልኩ። ደስ አለኝ፤ አባ ፊጣ ይጠየቃሉ፣ ያስረዳሉ፣ ያበቃል ብዬ። በማግሥቱ አባቴ መጋዘኑን ሲዘጋ እሳቸውን ይዟቸው መጣ። ደፍ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ አስካለን «አላህ ይማርሽ፣ ልጄ» አሏት። አጎንብሰው ዶሮውን አነሱ። ክንፉን ገለጡ። ጣታቸው ከሥሩ ሲገባ አየሁ፤ እሾሁ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አባ ፊጣ» አለ አባቴ፣ «ይህ ልጅ ዶሮው ጤነኛ ነው ይላል። ነገረኝ የሚለው እርስዎን ነው። እውነት እንዲህ ብለውታል?»

አባቴ ድምፁን አላነሳም። ለተሸካሚዎች «ነገ እንዳትመጣ» ሲል የሚናገርበት ድምፅ ነበር። አባ ፊጣ ዶሮውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት። እኔን አላዩኝም።

«ወላሂ፣ አቶ መንገሻ፣ እኔ ለልጆች ተረት ነው የማወራው» አሉ። «ተረት ደግሞ ተረት ነው።»

ተከትያቸው እስከ ደጅ ወጣሁ። ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር። «ጣትዎ ነካው፤ አይቻለሁ» አልኳቸው። ፂማቸውን ያዙ። «ከዚያ መጋዘን በር ውጭ የት እንድገባ ነው የምትፈልገው፣ ጉርባ?» አሉና ሄዱ። ወደ እሳታቸው ዳግመኛ አልሄድኩም። ከዚያ ወዲህ ተረት ከማንም አልሰማሁም።

አንድ ሰው ቀርቶኝ ነበር። አባቴ በሌለበት አስካለ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀዩን ዶሮ፣ ካባውን፣ መርፌውን፣ ድሬሰሩ ያለውን። ነገ ጠዋት ሆስፒታል እንሂድ፣ አባባ ሥራ ከሄደ በኋላ፣ አልኳት። ሰምታኝ ሰምታኝ ፊቷ ተለወጠ።

«እንድሞት ነው የምትፈልገው?» አለችኝ። «እኔ ስድን ምን ይጎድልብሃል? ሂድ ከፊቴ!»

ትራሷን ወረወረችብኝ። ትራሱ እኔ ጋ አልደረሰም።

መስከረም ጠባ። ሳሉ ተመለሰ፤ ከበፊቱ ብሶ። ዶሮው አልሞተም። ጅራቱንም ጥሎ ጨርሶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ዛሬ ነገ ይሞታል ብሎ ይጠብቃል። አባቴ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ልጁን ሳይሆን ዶሮውን ሆነ። እጅ እንዳይነካው ተብሏልና አልነካውም፤ እህል ግን ከለከለው። ውሃም ከለከለው። «ማንም እንዳይሰጠው» አለ እኔን እያየ። ዶሮው በገመዱ ልክ እየዞረ በረሮ ለቀመ፣ ከግድግዳው ጭቃ ጭድ ጫረ፣ ጣሪያው የሚያፈሰውን ውሃ ጠጣ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት እየከሱ የሚሄዱ ፍጥረቶች ነበሩ፤ አባቴ የሚቀድመው የቱ እንደሆነ ይጠብቅ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አስካለ «ግራዝማችን አምጣልኝ» አለች። ገመዱን ፈትቼ አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩላት። እጇ ቀጥኖ የኔን ያህል ሆኖ ነበር። ክንፉን ራሷ ገለጠችና ጣቷን አስገባች። ብዙ ቆየች። አንዱን ከአንዱ እያስከተለች ነካቻቸው፤ ስንዴ የምትለቅም ትመስል ነበር። ከዚያ ክንፉን መልሳ ከደነችለትና ወደ ግድግዳው ዞረች።   ሆስፒታል እንሂድ ብዬ እንደገና አልጠየቅኳትም፤ ያኔ እስከ በር እንኳ መድረስ ትታ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ዶሮው መወፈር ጀመረ። ደረቱ ላይ ግራጫው ወጣ፤ አንገቱ ዙሪያ ነጩ ተመለሰ። አባቴ አየው። ቀበቶውን ፈታና በር ዘጋ። «አንተ ነህ የምታበላው» አለ። አይደለሁም አላልኩም። እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ፤ ማን እንደሆነም አውቅ ነበር። ገንፎዋን ከአልጋው ጫፍ ቁራሽ ቁራሽ ስትጥልለት አይቻለሁ። ቀበቶው ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። ስንት እንደመታኝ አላውቅም። ከውስጠኛው ክፍል ድምፅ መጣ፤ ድምፅ ለማለት የሚያስቸግር ነበር።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ልጁን ይተዉት።»

አባቴ ቀበቶውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። «አንቺ? ለምን?»

«ርቦት ነዋ» አለች።

ከዚያ ሳለች፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም።

የሞተችው የመጀመሪያው ቀይ ቡና ከአጋሮ በገባበት ሰሞን ነው። ንጋት ላይ ነበር። አባቴ እጇን ይዞ ተቀምጦ ሳለ ዶሮው ከግርጌዋ ቆሞ ጮኸ፤ ድምፁን ካጣ በኋላ ሲጮህ የመጀመሪያው ነበር። አዲሱ ጅራቱ ረዥምና የሚያብረቀርቅ ሆኗል። የበፊቱ እንዲያ አላማረም። ለቅሶ የመጡት ሴቶች በሩ ላይ ሲያዩት አማተቡ።

እሜቴ ዘነቡም መጥተው አለቀሱ፤ ከሁሉም በላይ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። አባቴ ምን እንደተሳሳተ ጠየቃቸው። ዓይናቸውን ጠርገው ወደኔ አዩ።

«በሽታው ወጥቶ ነበር፤ ደሙን በዓይናችን አይተናል» አሉ። «ይህ ልጅ አልታመመም፣ አልታመመም እያለ በአፉ መለሰባት።»

በዚያ ለቅሶ ቤት የተቃወማቸው የለም። አባ ፊጣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። አቀርቅረው መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ።

ከቀብሩ በኋላ አባቴ ፍራሼን አንስቶ ወደ ማድ ቤቱ ወረወረው። ዶሮውንም እዚያው አሰረው። የሰው እጅ እንዳይነካው ስለተባለ አይታረድም፣ ማንም ስለማይገዛው አይሸጥም፤ እኔም ልጁ ነኝና አልጣልም። ዓመት ሙሉ ከዶሮው ጋር አደርኩ። አባቴ ምግቤን ደፍ ላይ ያስቀምጥልኛል። በዚያ ዓመት በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ጠዋት ግቢውን እጠርጋለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ አስካለ ትሠራው የነበረውን ሁሉ እሠራለሁ። ዝም ማለትን ያኔ ነው የተማርኩት፤ ከዚያ ወዲያ አልተወኝም። ዛሬም ገበያ ላይ አውራ ዶሮ ሳይ ሳላስበው ጣቴ ወደ ክንፉ ሥር ይሄዳል። ሻጮቹ ሥጋውን የምመዝን ይመስላቸዋል።

ዓመቱ ዞረ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግራዝማች መጮህ አቆመ። ጭንቅላቱ ሳሳ፤ ከዚያ አንገቱ። ለአባቴ አልነገርኩትም። የረገፈውን ላባ ጠዋት ጠዋት ጠርጌ ከአጥሩ ኋላ እጥለዋለሁ። አንድ ጠዋት ግን ነፋስ ነበር፤ ላባው ከማድ ቤቱ ወጥቶ ግቢውን ሞላው። አባቴ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። ጭቃው ላይ የተለጠፈውን ላባ አየና ቆመ። 

«በዚህ ቤት የታመመ አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

«የለም» አልኩት።

ማድ ቤት ገባ። ዶሮውን ያዘና ክንፉን ገልጦ ጣቱን ከሥሩ አስገባ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየው ነበር። ፊቱ አልተለወጠም፤ ጣቱን ግን አላወጣም፤ ዶሮው እስኪሰለቸው፣ ክንፉን እስኪያራግፍበት ድረስ። ከዚያ አስቀመጠው። ወጥቶ መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደና ላባውን ራሱ ጠረገ፤ ግቢውን ሁሉ፣ እስከ አጥሩ ጥግ ድረስ።  ያን ማታ ፍራሼን ወደ ቤት መለሰው፤ አስካለ ትተኛበት በነበረው አልጋ ላይ አነጠፈው።

ያኔ በዚያ ቤት የቀረነው አባቴና እኔ፣ ዶሮውም ነበርን።